ያገለገለ ራቭ ፎር ስትገዙ፦ የትኛው ዓመት ዘይት ይጠጣል፣ የትኛው ጥገና ስንት ያስወጣል

ቨርጂንያ ከገባሁ በኋላ የገዛሁት ሁለተኛው መኪና የ2007 ቶዮታ ራቭ ፎር ነበር። ሲያዩት ያምራል። ወንበሩ አልተቀደደም፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሲነዱት ድምፁ አይሰማም። ሻጩ “ዘይት ቀይሬልሃለሁ” አለኝ። አልዋሸም፣ ቀይሮ ነበር። ሦስት ሳምንት ነድቼ የዘይት መለኪያውን ስመዘው ግን ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት የለም። መሬት ላይ ጠብታ የለ፣ ከማርሚታው ጭስ የለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት የለ። ሞተሩ ድምፁን አጥፍቶ ይጠጣዋል።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም፣ ለጓደኛም፣ ለጓደኛ ጓደኛም ስል ብዙ ራቭ ፎር አይቻለሁ። ሰው ሊገዛ ሲል ይደውልልኛል፣ እኔም የእጅ ባትሪዬን ይዤ እሄዳለሁ። የማደርገውን ሁሉ በተራ ልጻፈው፣ ቅዳሜዬም ትረፍልኝ።

ከመጀመሬ በፊት፦ ዓመት ስል በፈረንጅ ነው። ዋጋ ስል በዶላር፣ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂንያ አካባቢ ትንንሽ ጋራዦች የሚጠይቁት ግምት ነው። ቶዮታ አከፋፋይ ጋ ከሄዳችሁ አንድ ጊዜ ተኩል፣ አንዳንዴም እጥፍ አድርጉት። የዕቃውን ስም ደግሞ አገር ቤት ጋራዥ በምናውቀው እጠራዋለሁ፤ እዚህ ያለው መካኒክ ምን እንደሚለውም አብሬ እነግራችኋለሁ፣ ያለዚያ “ፋሻው አልቋል” ብትሉት ቁስል የምትጠቀልሉ ይመስለዋል።

አንደኛ፦ ዓመቱን ለዩ

ከ2006 እስከ 2012 የተሠራው ራቭ ፎር ከውጭ ሲታይ መንታ ነው። ትርፍ ጎማው ብዙ ጊዜ የኋላ በር ላይ ተሰቅሏል፣ በሩም ወደ ጎን ይከፈታል። (ማጠፊያው በቀኝ ስለሆነ ዳር ይዛችሁ ስታቆሙ በሩ ከእግረኛ መንገዱ ይጋርዳችኋል፣ አስቤዛውን ዞራችሁ ነው የምትጭኑት። በግራ ለሚነዳ የጃፓን መንገድ ነው የሚመቸው። ለምዶብኛል እንጂ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።) ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሦስት ዓይነት ሞተር አለ።

ከ2006 እስከ 2008 ባለአራት ሲሊንደሩ 2.4 ሊትር ነው፣ 2ኤዜድ የሚባለው። ዘይት የሚጠጣው ይህ ነው።

ከ2009 እስከ 2012 ባለአራት ሲሊንደሩ 2.5 ሊትር ሆኗል፣ 2ኤአር ይባላል። ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው ቪ 6 ነው፣ 3.5 ሊትር። በሁሉም ዓመት ይገኛል፣ 269 የፈረስ ጉልበት አለው። ለእንዲህ ያለ ቀላል መኪና ብዙ ነው። ስትረግጡት ይበራል፤ ቤንዚኑም እንደዚያው።

ስለዚህ የ2008ና የ2009 ዋጋ ተቀራራቢ ሆኖ ካገኛችሁ ጥያቄ የለውም፣ 2009ን ውሰዱ። እዚህ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። ሻጭ “የ2009 ነው” ብሎ የሚለጥፈው መኪናው መጀመሪያ የተሸጠበትን ዓመት ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። መተማመኛው ቪን ቁጥር፣ ማለትም የመኪናው መለያ ቁጥር፣ ነው፤ በሾፌሩ በኩል የፊት መስታወቱ ሥር ይታያል፣ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ከግራ 10ኛውን ቁጠሩ። 6 ከሆነ 2006፣ 7 ከሆነ 2007፣ እንዲህ እያለ 9 ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ኤ 2010፣ ቢ 2011፣ ሲ 2012 ነው። 10ኛው ላይ 8 ካለ ሻጩ የፈለገውን ቢምል መኪናው የ2008 ነው። የመጀመሪያው ፊደል ደግሞ የተሠራበትን አገር ይናገራል፦ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ 2 ከሆነ ካናዳ። እሱ ለዋጋ ብዙም ለውጥ የለውም፣ ለወሬ ይሆናችኋል።

ስለሌሎቹ ዓመታት ባጭሩ። ከ2001 እስከ 2003 ያለው ትንሹ ራቭ ፎር የሞተር ኮምፒውተሩ ይበላሻል፤ የተበላሸው ኮምፒውተር ካምቢዮውን (እዚህ ትራንስሚሽን ይሉታል) እየጎተተና እያንገጫገጨ እንዲቀያይር ያደርገዋል፣ ቶሎ ካልተያዘም ካምቢዮውን ይዞት ይሄዳል። 2004ና 2005 ደግሞ የመጀመሪያው 2.4 ሞተር የገባባቸው ናቸው፤ የነሱ በሽታ የቴስታታ (እዚህ ሲሊንደር ሄድ ይሉታል) ቡሎን ነው፣ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ከ2013 እስከ 2018 ያለው ሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል፦ ባለስድስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ወደ ላይ የሚከፈት የኋላ በር። እሱን ካገኛችሁ በ2023 መጨረሻ የወጣው የባትሪ ማሰሪያ ሪኮል (ፋብሪካው ጉድለቱን ለመሥራት መኪናውን መልሶ የሚጠራበት) መሠራቱን ብቻ አትርሱ፣ ባትሪው ላልቶ ማሰሪያውን ከነካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ ነው የተጠራው።

ሁለተኛ፦ ከቤት ሳትወጡ የምትሠሩት

ለሻጩ ጻፉለትና ቪን ቁጥሩን ላክልኝ በሉት። አልልክም ካለ አትሂዱ። በቃ። የሚደብቀው ባይኖረው ፎቶ ለማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ቁጥሩን ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ በሚባለው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ነጻ ነው። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ይነግራችኋል። በዚህ መኪና ላይ ሁለቱን በተለይ ፈልጉ። አንዱ በ2012 የወጣው ነው፦ ከ2006 እስከ 2011 መጀመሪያ ባሉት ላይ የኋላ ጎማውን አቅጣጫ የሚይዘው ክንድ፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሠራ ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ፣ ዝጎ ሊበጠስ ይችላል። ሁለተኛው በ2016 የወጣው ነው፦ ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ላይ በከባድ ግጭት ጊዜ የኋላ ወንበሩ ብረት ቀበቶውን ሊቆርጠው ስለሚችል መሸፈኛ ይገጠምለታል። ልጆች ከኋላ የምታስቀምጡ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። ሪኮል ቶዮታ አከፋፋይ ጋ በነጻ ነው የሚሠራው፣ መኪናው ስንት እጅ ቢቀያየርም።

የታሪክ ሪፖርትም ግዙ። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የት ከተማ እንደኖረ። ኒው ዮርክ፣ ኦሃዮ፣ ፔንሲልቬንያ ክረምቱን የከረመ መኪና የመንገድ ጨው ከሥሩ በልቶታል። ሁለተኛ ዘይት ስንት ጊዜ እንደተቀየረለት። በ2.4ቱ ላይ ዘይት በ10,000 ማይል እየቀየረ የነዳው ሰው ካለ ያ ሞተር አልቆለታል ብላችሁ አስቡ።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ድረሱ

ለሻጩ “እስክመጣ አታስነሳው” በሉት። ስትደርሱ ሰላምታ እየሰጣችሁ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ሞቅ ካለ አስነስቶ አሙቆታል ማለት ነው፤ ምናልባት ከሱቅ ተመልሶ ይሆናል፣ ምናልባት ደግሞ በብርድ የሚሰማውን ድምፅ እንዳትሰሙ ነው። ልክ ነው አይደለም ለማለት አይቻልም። ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ።

የዘይት መለኪያውን ምዘዙ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አስገቡና እንደገና ምዘዙ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ግድ የለውም፤ ሁለቱም ለሞተሩ አንድ ነው። አዲስና ወርቃማ ሆኖ እስከ አፉ የሞላ ከሆነም ደስ አይበላችሁ። የኔም እንደዚያ ነበር! “መቼ ነው የተቀየረው? ከዚያ ወዲህ ስንት ማይል ተነዳ?” ብላችሁ ጠይቁ። ትናንት ከሆነ ምንም አላያችሁም። ሁለት ሺህ ማይል ተነድቶ አሁንም ሙሉ ከሆነ ግን ያ ወሬ ሳይሆን ማስረጃ ነው፣ ደረሰኙ ካለው ደግሞ የተሻለ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ ገብቷችሁ ብትጠይቁ መካኒክም አያታልላችሁም። ፒስተኑ ላይ ሦስት ፋሻ አለ፣ እዚህ ፒስተን ሪንግ ይሉታል። የታችኛው ፋሻ ሥራው ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረውን ዘይት እየጠረገ ወደ ታች መመለስ ነው። የተጠረገው ዘይት የሚመለስበት ቀዳዳ በዚህ 2.4 ሞተር ላይ በቂ አልነበረም። በጊዜ ብዛት ጥላሸት ይደፍነዋል። ያኔ ዘይቱ ላይ ይቀርና ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ትንሽ በትንሽ ስለሚቃጠል ጭሱ በዓይን አይታይም። ቀዩ የዘይት መብራት ደግሞ የሚበራው ግፊቱ ሲወርድ እንጂ መጠኑ ሲቀንስ አይደለም። መብራቱን አምኖ የጠበቀ ሰው መብራቱ ሲበራለት ሞተሩ ከሥር መበላላት ጀምሯል።

ቶዮታ ራሱ ይህን አምኖ ለካምሪውም ለራቭ ፎሩም ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። በ1,200 ማይል ከአንድ ኳርት (አንድ ሊትር ገደማ) በላይ የጠጣ ሞተር ፒስተኑም ፋሻውም በነጻ ይቀየርለት ነበር፤ ግን እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ብቻ። አሁን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ “ፒስተኑ ተቀይሯል ወይ? ወረቀቱ የታለ?” ነው። ወረቀት ያለው 2007 ካገኛችሁ፣ ካልተሠራለት 2008 ይሻላል። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ከዚያ አስነሱት። ከኋላ አንድ ሰው ማርሚታው ጋ ይቁም። አምስት ደቂቃ ባለበት ይሥራ፣ ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ቤንዚን ርገጡ። ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከወጣ ደኅና ሁን ብላችሁ ሂዱ። 2.5ቱ ላይ ደግሞ ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ “ግርርር” የሚል የብረት ድምፅ ካለ ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ ጥርስ ነው። ወዲያው አይገድልም፣ ግን ለማስቀየር ከ900 እስከ 1,400 ዶላር ይጠይቃል። አሞቆ የጠበቃችሁ ሻጭ ካለ የሚደብቀው ምናልባት ይህን ነው።

አራተኛ፦ ውሃውን እዩ

የራዲያተሩ ውሃ በፋብሪካው ሐምራዊ ነው፣ ሮዝ ብትሉትም ይሆናል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ቡናማ ወይም ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ሄድ ጋስኬት የሚሉት፣ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በ2.5ቱ ሞተር ላይ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ይወዳል፤ ቀበቶው ባለበት ጎን በባትሪ ስታዩ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ከ350 እስከ 600 ዶላር ነው፣ ሲቀየር ቀበቶውንም አብራችሁ አስቀይሩ፣ ጉልበቱ አንድ ነው።

ቅድም ያልኩት የቴስታታ ቡሎን ጉዳይ ከዚህ ይለያል፣ በ2004፣ በ2005ና በ2006 ባለ 2.4 ሞተሮች ላይ በተለይ። ሞተሩ አሉሚኒየም ነው። ቴስታታውን የሚይዙት ቡሎኖች የገቡበት ጥርስ፣ ከኋላ በሾፌሩ ግድግዳ በኩል ያለው፣ እየተላላጠ ይነቀላል። ቡሎኑ ሲላላ ውሃ በዚያ በኩል ይወጣል፣ መኪናው ይሞቃል። የሚወጣው ከጀርባ ስለሆነ ከላይ አይታይም፣ ባትሪውን በሞተሩና በግድግዳው መካከል አስገብታችሁ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት መኖሩን እዩ። ጥገናው ቴስታታው ይነሳል፣ ቀዳዳዎቹ እንደገና ይበሱና የብረት ጥርስ ይገባባቸዋል። ሠሪው የሚያውቀው ከሆነ ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር። “ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሬ እሰጥሃለሁ” የሚል መካኒክ ካገኛችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፤ ጥርሱ ከተላላጠ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም ቡሎኑ አይጠብቅም።

ቪ 6ቱን የምትገዙ አንድ ነገር ብቻ እዩልኝ። በቀድሞዎቹ ላይ ለቫልቭ ማስተካከያው ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ መካከሉ ጎማ ነበር። ጎማው ሲፈነዳ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ሀይዌይ ላይ ከሆናችሁ ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። በኋላ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ተሠርቶለታል። አሁንም ጎማ ያለው ከሆነ ለማስቀየር ሁለትና ሦስት መቶ ዶላር ነው፤ ከሞተር ዋጋ ጋር ስታነጻጽሩት የቡና ነው።

አምስተኛ፦ የ25 ዶላር መሣሪያ

ከኦንላይን ኦቢዲ ስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበውን፣ ግዙ፣ በስልክ የሚሠራው ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። ከመሪው ሥር ይሰካል። ብዙ ሰው ሰክቶ “ኮድ የለም” ሲለው ደስ ብሎት ይነቅለዋል። አይበቃም። “ሬዲነስ” የሚለውን ገጽ ክፈቱ። መኪናው ራሱን የሚመረምርባቸው ክፍሎች ተራ በተራ “ዝግጁ” ወይም “ዝግጁ አይደለም” ይላሉ። ብዙዎቹ ዝግጁ ካልሆኑ ኮዱ በቅርብ ጊዜ ተሰርዟል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ተሰክቷል። ምናልባት ትናንት ማታ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ነበር፣ ሻጩ አጠፋው። ለአንድ ሳምንት ያህል ሲነዳ እንደገና ይበራል፣ ያኔ መኪናው በናንተ ስም ነው፣ የኤሚሽን (የጭስ) ምርመራም አያልፍም።

ፒ0420 የሚል ኮድ ካያችሁ ነገሩ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ጋ ነው። በ2.4ቱ ላይ ይህ ኮድ ብዙ ጊዜ የዘይቱ ልጅ ነው፤ የተቃጠለው ዘይት አመድ ኮንቨርተሩን ይደፍነዋል። አዲስ ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር። ዘይት መጠጣቱ ሳይቆም አዲስ ብታስገቡ ያንኑ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ በዚህ ኮድ ላይ ዋጋ አትደራደሩ፣ መኪናውን ተዉት።

ስድስተኛ፦ ንዱት፣ ሬድዮውን አጥፉ

ሻጩ ሙዚቃ ሊከፍትላችሁ ይችላል። በትሕትና አጥፉት።

መጀመሪያ ቆማችሁ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። “ቋ፣ ቋ” ካለ እጃችሁ ላይም ከተሰማ፣ በ2006፣ በ2007ና በ2008 የታወቀው የመሪው መካከለኛ ዘንግ ነው፣ እዚህ ኢንተርሚዲየት ሻፍት ይሉታል። ከ300 እስከ 500 ዶላር። የመሪ ዘይት ጨምር የሚላችሁ ሰው ካለ መኪናውን አያውቀውም፤ የዚህ ራቭ ፎር መሪ በኤሌክትሪክ ነው፣ ዘይት የለውም።

በአስፋልት ላይ 40፣ 50 ማይል ሲደርስ እንደ አውሮፕላን “ውውው” የሚል ድምፅ ካለ ጎማ ወይም ኩሽኔታ ነው፣ እዚህ ዊል ቤሪንግ ይሉታል። ለመለየት በፍጥነት ላይ እያላችሁ በቀስታ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉት። ድምፁ ከተለዋወጠ ኩሽኔታው ነው፣ አንዱ ከ250 እስከ 450። ካልተለወጠ ጎማው ነው። በእብጠት ላይ ስታልፉ “ቀጭ ቀጭ” የሚለው ብዙውን ጊዜ ስታብላይዘር ሊንክ ነው፣ ለሁለቱ ከ120 እስከ 200፣ አያስፈራም። ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ጀልባ የሚዋልል ከሆነ ግን አሞርዛተሮቹ ናቸው፣ እዚህ ሾክ አብዞርበር ይሏቸዋል፤ አራቱ ተቀይረው አላይመንት ጨምሮ ከ900 እስከ 1,400 ይሄዳል።

ካምቢዮው በዚህ መኪና ላይ ጠንካራ ነው፣ ባለአራት ማርሹም ቢሆን። ከቆመበት ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገቡ “ዱብ” ብሎ ካልመታ፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይርም ካልተንሸራተተ ደኅና ነው። ዘይቱ ተቀይሮለት የማያውቅ ከሆነ ከ150 እስከ 250 መድቡ። ፈሳሹን በግፊት የሚያጥብ ሳይሆን አፍስሶ የሚሞላ ጋራዥ ምረጡ፣ በተለይ ማይሉ ከ150,000 ካለፈ።

አራት ጎማ የሚያሽከረክረውን ከሆነ የምትገዙት ባዶ ፓርኪንግ ላይ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዛችሁ በቀስታ ክብ ንዱ። የሚንገጫገጭ ወይም የሚያቃስት ከሆነ የኋላ ዲፈረንሺያሉ ዘይት ተረስቷል ወይም ጎማዎቹ አራት ዓይነት ናቸው። ሰው አንድ ጎማ ሲፈነዳበት አንድ ብቻ ይገዛል። በዚህ መኪና ላይ የጎማዎቹ ቁመት ከተለያየ የኋላውን የሚያገናኘው ክላች ሁልጊዜ ይሠራል፣ ይሞቃል። ጎማዎቹን ስታዩ የጥርሱን ጥልቀት ብቻ ሳይሆን ስማቸውንም አንብቡ።

ሰባተኛ፦ ከሥሩ

ይህን እናንተ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ አትጨርሱትም። መኪናውን ወደምታምኑት መካኒክ ውሰዱ፣ አንስቶ ለማየት ከ100 እስከ 200 ዶላር ይጠይቃል። ሻጩ የመረጠላችሁ ጋራዥ አይሁን! የቨርጂንያ የደኅንነት ስቲከር አለው ብላችሁ አትተኙ፤ ስቲከሩ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ መሥራቱን ነው የሚናገረው፣ ሞተሩ ዘይት መጠጣቱን አይናገርም። ሜሪላንድ የምትኖሩ መኪናው በስማችሁ ሲዛወር ምርመራ ማለፍ አለበት፣ ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ወጪውን በማን ላይ እንደሚሆን ተነጋገሩ።

መካኒኩን እነዚህን አሳየኝ በሉት፦ የኋላ ክንዶቹ ዳዶ ዝገት፣ የኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ እዚህ ኦይል ፓን ይሉታል) ጓርኒሲዮን ማልቀሱን፣ የፍሬን ቧንቧዎቹን፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የፋብሪካው መሆኑን። ተሰርቆበት ርካሽ የገባበት መኪና ብዙ ነው፣ የብየዳው ምልክት ይናገራል።

ከነጋዴ የምትገዙ ከሆነ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ያገለገለ መኪና ነጋዴ እንዲለጥፈው በሕግ ይገደዳል። “አዝ ኢዝ” የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ከግቢው ስትወጡ የተበላሸው ሁሉ የናንተ ነው። ነጋዴው በአፉ “ችግር ካለ መልሰህ አምጣው” ያለውን ወረቀቱ ላይ ይጻፍላችሁ። እኔ ያኔ አላጻፍኩም።

ስምንተኛ፦ ሒሳቡ

ወረቀት አውጡ። እንበል የ2008 ባለ 2.4 በ6,500 ዶላር ቀረበላችሁ። መሪው ቋ ይላል፣ 400። አሞርዛተሮቹ ደክመዋል፣ 1,100። ጎማዎቹ አልቀዋል፣ 600። ይህ ብቻ 2,100 ነው፣ እሱን ፊት ለፊት ቁጥር በቁጥር ነግራችሁ መደራደር ትችላላችሁ፤ “ትንሽ ቀንስልኝ” ከማለት “መሪውን ለማሠራት 400 ነው” ማለት ይሠራል። ዘይቱን ግን መደራደሪያ ማድረግ አይቻልም ምክንያቱም መጠኑን አታውቁትም። ስለዚህ ያልተሠራለት 2.4 ስትገዙ እንደሚጠጣ አድርጋችሁ ነው ዋጋ የምትሰጡት። ባይጠጣ ትርፋችሁ ነው።

አንዳንዱ ሰው “በኋላ አገር ቤት እልከዋለሁ፣ እዚያ ራቭ ፎር ይወደዳል” ብሎ ጨምሮ ይከፍላል። ተዉት። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት አቁማለች።

የሚጠጣውን ገዝታችሁ ከሆነ

ብዙ የሚደወልልኝ ከገዙ በኋላ ነው። አትደንግጡ፣ መጀመሪያ ለኩ። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ፣ ማይሉን ጻፉ፣ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር መለኪያውን እዩ። አንድ ኳርት የጎደለበትን ማይል ጻፉ። ሞተሩ የሚይዘው አራት ኳርት ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለት ከጎደለ በግማሹ እየሠራ ነው ማለት ነው፣ እዚያ አታድርሱት።

በ1,000 ማይል አንድ ኳርት ቢጠጣ፣ በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ፣ 12 ኳርት ነው። ኳርቱን በ7 ዶላር አስቡት፦ 84 ዶላር። ሞተሩ ወርዶ ፒስተንና ፋሻ ለማስቀየር ደግሞ ከ3,000 እስከ 5,000 ይጠየቃል። ሒሳብ አስልቶ ለማይደክመው ሰው መልሱ ግልጽ ነው፣ እየጨመራችሁ ንዱት። በ500 ማይል አንድ ኳርት ከደረሰ ግን ካንዴላውም (እዚህ ስፓርክ ፕለግ ይሉታል) ኮንቨርተሩም ስለሚበላሹ ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ያኔ ወይ ማሠራት ወይ መሸጥ ነው።

“ያገለገለ ሞተር ልግጠምልህ” የሚላችሁን ጠንቀቅ በሉ። ከወደቀ የ2007 መኪና የተነሳ 2.4 ሞተር ያው በሽታ ያለበት ሞተር ነው። አውርዳችሁ ያንኑ መልሳችሁ መጫን ነው፣ ከ3,000 ዶላር በላይ ከፍላችሁ። በካንዴላው ቀዳዳ ማጽጃ ፈሳሽ አፍስሶ ማሳደር የሚባል ዘዴም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ለአንዳንዱ ይቀንስለታል፣ የኔን ለሁለት ወር አሻሽሎት ተመለሰ። ወፍራም ዘይት መጠቀምም ትንሽ ይረዳል፣ በክረምት ጠዋት ግን አልወደውም።

የኔን አላሠራሁትም። አራት ዓመት እየጨመርኩ ነዳሁት፣ የኋላ ወለሉ ሥር ባለው ጉድጓድ ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ ዘይት አለች። ስሸጠው ለገዢው በ900 ማይል አንድ ኳርት እንደሚጠጣ ነገርኩት፣ የጻፍኩበትን ደብተር አሳየሁት፣ ከገበያው 1,500 ዶላር ቀንሼ ሰጠሁት። ሁለቱ ጠርሙሶች እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀሩለት።